ንፋስ አልይዝ ያሉት ከረጢቶች

ሐምሌ 3

ይህን ደብተር የገዛሁት የማስጎበኛቸውን እንግዶች ስም ልመዘግብበት ነበር። እንግዳ የለም። ስለዚህ የጀልባዋን ነገር እጽፍበታለሁ።

ዛሬ ዶሮዎቹን ከጀልባዋ አስወጣኋቸው። ሆላንዳዊው መሐንዲስ አገሩ ከገባ ወዲህ ቤታቸው እሷ ነበረች። ሰውየው ለመስኖ በተሠራችው ኩሬ ላይ እሑድ እሑድ ሸራዋን ዘርግቶ ይንሸራሸርባት ነበር፤ ሲሄድ «ደሳለ፣ አንተ አስተርጓሚዬ ብቻ አይደለህም፣ ጓደኛዬ ነህ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ሌላው አስተርጓሚ ላፕቶፕ ተሰጠው። እኔ ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ ደረሰኝ። ምሰሶዋ የልብስ ማስጫ ገመድ ተሸክሟል፤ ሸራዋ ላይ ሸጌ ገብስ ታሰጣበት ነበር።

ሸጌ ባለቤቴ ናት። አሁን ከወንዙ ማዶ ወላጆቿ ጋ ናት። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ የአገሩ ወግ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። የእንጨቱን ድልድይ አምና ጎርፍ ወስዶታል፣ እሷ ግን ሰኔ ላይ ወንዙ ሳይሞላ ተሻግራ ገብታለች። የምትወልደው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ወንዙ አሁን ሞልቷል። ማዶ ያለው ጤና ኬላ ነው፤ ሆስፒታሉ በእኛ በኩል ነው። ምጥ ቢጠናባት በምን ትሻገራለች? ይህን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ጀልባዋ ውስጥ ሦስት የአየር ከረጢቶች አሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከግራና ከቀኝ። ውሃ ቢሞላባት እንኳ እነሱ ከተነፉ አትሰጥምም። መሐንዲሱ «ያለ እነሱ ውሃ ላይ እንዳታወጣት» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ዛሬ ሦስቱንም በቢስክሌት ፓምፕ ነፋኋቸው። እራት በልቼ ስመለስ ሦስቱም ተኝተዋል።

ሐምሌ 6

በርሜሉን በጣሪያ ውሃ ሞልቼ ከረጢቶቹን እየነፋሁ አንድ በአንድ ደፈቅኳቸው። አረፋ የወጣበትን ሁሉ በእስክሪብቶ ከበብኩ። ሲያልቅ ከረጢቱ ፈንጣጣ የወጣበት ሰው መሰለ።

አባባ በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። አባቴ ናቸው፣ ከፋለ ይባላሉ። ሸጌ ከሄደች በኋላ «ብቻህን አትሁን» ብለው ከገጠር መጡልኝ።

«ይችስ ስልቻ ናት» አሉ።

«ስልቻ አይደለችም፣ አባባ። ፕላስቲክ ናት።»

«ንፋስ ከያዘች ስልቻ ናት። ለአገሩ ሁሉ የማር ስልቻ የምሠራ እኔ አልነበርሁም? ስልቻ ሲደርቅ ነው የሚቀደድ።»

ከሽማግሌ ጋር ስለ ፕላስቲክ መከራከር ምን ይጠቅማል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ዙረን ብንሄድስ? በላይ በኩል ወንዙ ገና ቀጭን ነው፤ ይዘለላል» አሉ።

«አንቱ በዚህ ጉልበትዎ? ያ መንገድ እኮ ቀናት ይፈጃል፤ ሁሉም ጭቃና ገደል ነው። ደግሞስ ምጥ የያዛት ሴት በዚያ ትመጣለች?»

«እኔ ስለ ምጧ አላልሁም» አሉ። «ስለ አንተ መሄድ ነው ያልሁ።»

ዝናብ መጣና ገባን።

ሐምሌ 9

መናኸሪያው ጥግ አባስ ጋ ሄድኩ። ጎሚስታ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን፤ ልጅ ሳለንም ያሾፍብኝ ነበር። ከረጢቱን እያገላበጠ «ባሕሩን መቼ ነው የምታመጣልን?» አለኝ። ሥራ ፈተው የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ እንደኔ እንግዳ የጠፋባቸው አስጎብኚዎችም ሳቁ።

ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ልጥፍ እየቆረጠ፣ ማስቲሽ እየቀባ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ደፈናቸው። ልፋቱን አልክድም። ሲጨርስ ግን «ደሴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?» አለ። «ባዶ ጄሪካን ክዳኑን አጥብቀህ እሰርባት። ስድስት ጄሪካን። አለቀ።»

«ጀልባዋን የውሃ ወረፋ የወጣች አህያ ላስመስላት?»

«ትሰጥማለች ወይስ ትንሳፈፋለች ነው ጥያቄው።»

አይገባውም። ሸጌ ማዶ ዳር ላይ ቆማ ስትጠብቅ፣ ሸራዋ ተዘርግቶ፣ ሁሉ ነገር በወጉ ሆኖ እንድታየኝ ነው የምፈልገው። ቢጫ ጄሪካን ታቅፌ አልሄድም። እሷ ፊት ደግሞ አንድ ጊዜ እንኳ ያሰብኩት ነገር ሲሳካ ቢታይ ምን ነበረበት።

ሐምሌ 12

ትናንት ማታ ደህና ነበሩ። እኔ ራሴ ጫን ብዬ ፈትሼ ነው ዕቃ ቤት የሰቀልኳቸው። ዛሬ ጠዋት ሁለት ልጥፎች ተላቀው መሬት ላይ። ማስቲሹ ያረጀ መሆን አለበት። ከረጢቶቹም ልስልስ ብለዋል፤ ከእርጥበቱ ይሆናል።

ሐምሌ 15

ከቤቱ በላይ ጉብታው ላይ ወጥቼ ማዶ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት የሸጌ አባት ጋሽ ባምላክ ናቸው።

«ደህና ናት» አሉ። «ትበላለች። ጤና ነች።»

«ያቅርቡልኝ እስኪ።»

«ተኝታለች» አሉ።

ባለፈው ስደውልም ተኝታ ነበር፤ ከዚያ በፊትም እንደዚሁ። እርጉዝ ሴት እንቅልፍ ታበዛለች ይባላል። ገና ረፋድ ነበር ግን። ጀልባዋ እየተጠገነች መሆኑን ንገሩልኝ አልኳቸው። «እነግራታለሁ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፃቸው ደከመብኝ።

ሐምሌ 19

ዛሬ ገብርኤል ነው። አልወጣሁም። ዕቃ ቤቱን ስጠርግ ከቁም ሳጥኑ ሥር የሰሃን ስባሪ አገኘሁ። ሸጌ ከመሄዷ በፊት በነበረው ማታ የወደቀው ነው። ወደቀ እንጂ ማንም አልወረወረውም።

ጎረቤታችን ሰብሌ በአጥሩ ማዶ ለአንዷ ስታወራ ሰማሁ። «አይ፣ ጀልባ እየሠራ ነው አሉ። እግር የለውም እንዴ ሰውየው?»

እግርማ አለኝ።

ሐምሌ 22

በአዲስ ዘዴ። አባስ ጋ ሳልሄድ ማስቲሹን ብቻ ገዛሁ። ከረጢቱን በሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈቀፈቅኩ፣ ቀባሁ፣ ጠበቅኩ፣ ለጠፍኩ። ከላይ የሸጌን የወፍጮ መጅ ጫንኩበት። ውጭ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከሰዓቱን ሙሉ እዚያው ተቀምጬ እንደ አስታማሚ ጠበቅኩት።

ያዘ። በርሜል ውስጥ ደፈቅኩት፤ አንድ አረፋ የለም። አባባን ጠርቼ አሳየኋቸው። ደስ አላቸው፣ በመዳፋቸው ዳበሱት። «ደርቋል ግን» አሉ። መድረቁ እኮ ነው የሚፈለገው።

ሐምሌ 23

ለቋል። ሁሉም።

ሐምሌ 26

አባስ ጋ ሄጄ ተናገርኩት። የሸጥክልኝ ማስቲሽ ውሃ የተቀላቀለበት ነው አልኩት፤ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት።

«ወላሂ ደሴ፣ በዚህ ማስቲሽ የለጠፍኩት ጎማ ወልዲያ ደርሶ ተመልሷል።»

«የእኔ ግን ከዕቃ ቤት ሳይወጣ ነው የለቀቀ!»

ከረጢቱን ተቀበለኝ፣ ጣቱን አሻሸበት፣ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። «ይሄ ነገር ምን ምን ይላል?» አለ።

«ምን ይላል? ዶሮ ነው። ዶሮ ኖሮበታል። ወሬ አታስቀይስ።»

መልሶ ሰጠኝ። ሳቁ ጠፍቶ ነበር። «ከእንግዲህ ወደ እኔ አታምጣት፣ ወንድሜ» አለና ወደ ጎማው ዞረ። ወደ ቤት ስመለስ ልክ እንደሆንኩ ለራሴ እየነገርኩ ነው የመጣሁት። ሽቅቡ ግን የዛሬውን ያህል ረዝሞብኝ አያውቅም።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። አባባ ከቅዳሴ በፊት እህል አይቀምሱም፤ ያም ሆኖ ገና ሳይነጋ ተነስተው ግቢ ውስጥ ሲንጎዳጎዱ እሰማለሁ። ሽማግሌ እንቅልፍ የለውም።

አንድ ነገር ገርሞኛል። ሸጌ ለአራስነቷ ብላ በማሰሮ ያስቀመጠችው ቅቤ አለ፤ ቸኩላ ስለነበር ሳትወስደው ቀርታለች። ዛሬ ክዳኑን ከፈትኩት፤ ግማሽ ሆኗል። በፆም ቅቤ ማን ይበላል? ሰብሌ ሸጌ ከሄደች ጀምሮ ወጥ ልትሠራልን ትገባለች። ድመትም አለች፤ ድመት አትፆምም። ድመት ግን ክዳን አትመልስም።

ነሐሴ 4

አይጥ የፊተኛውን ከረጢት ጠርዝ ቀርጥፎታል። አይጥ ፕላስቲክ መብላት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ጉንዳንም ተሰልፎበታል። አባባ አዩትና ምንም አልገረማቸውም። «ስልቻም ይበላል» አሉ።

ወጥመድ አጠመድኩ። የራሴ ጣት ተያዘ።

ነሐሴ 7

ሰብሌን ስለ ቅቤው ጠየቅኳት። በጨዋ ቃል ነው የጠየቅኳት። «ሰብሌ፣ ከማሰሮው ቅቤ የጎደለ መሰለኝ፤ ምናልባት አንቺ…» ነው ያልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም።

ማማሰያዋን አስቀመጠች። «እኔ? በኪዳነ ምሕረት! በፍልሰታ? የአራስ ቅቤ?» ነጠላዋን አነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ «ሸጌ ብልህ ናት፣ ቀድማ ወጣች» አለች፤ ለራሷ እንደምታወራ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ከዛሬ ጀምሮ ወጡን እኔ ነኝ የምሠራው። ሽሮው አረረ፤ አባባ ዝም ብለው በሉልኝ።

ነሐሴ 11

እንግዳ መጣ! ባልና ሚስት ናቸው፤ በዚህ ዝናብ መምጣታቸው እነሱንም ያስቃቸዋል። አሸተን ማርያም ወጣን። በቅሎ አንፈልግም አሉ፤ እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ስትንሸራተት እጇን እየያዘ። ጭጋጉ ከታች ቀርቶ እኛ ከላይ ወጣን። ገዳሙ ደጃፍ ካህኑ መስቀልና መጽሐፍ አሳይተዋቸው ሲጨርሱ ጭጋጉ ትንሽ ገለጥ አለ፤ ሸለቆው ታየ፣ ወንዙም እንደ ቡናማ ገመድ ታየ።

ሴትዮዋ በጣቷ እያሳየች «ያ መንገድ የት ይሄዳል?» አለችኝ። የላይኛው መንገድ ነው። በሸንተረሩ ጀርባ ዞሮ፣ ወንዙ ቀጭን በሆነበት ተሻግሮ፣ ማዶ ይወርዳል። ከላይ ሲያዩት አጭር ይመስላል።

«የባለቤቴ ቤተሰቦች ጋ» አልኳት።

«ሩቅ ነው?»

«በክረምት አይኬድበትም» አልኩ። በዚያው ቅጽበት አንድ ገበሬ አህያውን እየነዳ ከዚያው መንገድ ብቅ አለ። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፣ ምንም አላለችም። እኔ ስለ ገዳሙ ታሪክ ማብራራት ጀመርኩ፤ ቀደም ብዬ የነገርኳቸውን ነው የደገምኩት።

ስንለያይ ሰውየው ስለ ጀልባዋ ሰምቶ ከቦርሳው አንድ ጥቅል ግራጫ ፕላስተር አውጥቶ ሰጠኝ። ድንኳን የሚጠግንበት ነው፤ «ይህ ሁሉንም ነገር ይይዛል» አለኝ። ዛሬ በደስታ ነው የምተኛው።

ነሐሴ 14

ሦስቱንም በሳሙናና በአመድ አጠብኩ። ፕላስተሩን ለጠፍኩ። ነፋሁ። እስከ ማታ አልቀነሱም። ምሰሶዋን ከልብስ ገመዱ ፈታሁ። በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ብያለሁ።

ነሐሴ 15

ጠዋት ላይ ገና ሲነጋጋ ለሽንት ወጣሁ። የዕቃ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባባ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከረጢቱ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ የሸጌ ማሰሮ ከእግራቸው ሥር ነው። ቅቤ በሁለት ጣታቸው እየዛቁ ከረጢቱን ያሻሻሉ። ስፌቱን፣ ልጥፉን፣ ጥጉን፣ ምንም ሳያስቀሩ። ውዳሴ ማርያም በለሆሳስ እየደገሙ። ፕላስተሩ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተንጠልጥሏል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ቀና ብለው ፈገግ አሉ። «እያለሰለስሁልህ ነው። አንተ ታደርቃታለህ፣ እኔ አለሰልሳታለሁ። ደርቃ ወንዝ ላይ ብትቀደድብህስ?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ስልቻ ያለ ቅቤ ይኖራል?»

ቅቤ የማስቲሽ ጠላት ነው። ቅቤ ላይ ምን ይለጠፋል? ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ ፍቅፈቃ፣ አባስ፣ ሰብሌ፣ አይጡ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ወደ ራሴ ወጣ። የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ማሰሮው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ወደቀ ነው ያልኩት።

አባባ ጮኸው አልመለሱልኝም። ጎንበስ ብለው ከስባሪው መሐል ንጹሑን ቅቤ እየለዩ በትንሽ ቅል አጠራቀሙት። ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። ከዚያ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና አዩኝ።

«ሸጌ ነግራኝ ነበር» አሉ። «አላምናት አልሁ እንጂ።»

ነሐሴ 16

ፆም ተፈታ። አባባ ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ አልተመለሱም። ገነተ ማርያም ያለችው እህታቸው ጋ ሄደው መሆን አለበት፤ ሲከፋቸው እዚያ ነው የሚሄዱት። ይሂዱ። እኔም ከፍቶኛል።

ለብቻዬ አልፈታም ብዬ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ነሐሴ 17

አባስ ጋ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆምኩ። መጨረሻ ላይ «ቅቤ ነው» አልኩት።

«ምኑ?»

«አባቴ በየቀኑ ቅቤ ሲቀቧቸው ነው የከረሙት። ስልቻ መስሏቸው።»

ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ብያለሁ እኮ ምን ምን ይላል ብያለሁ! እኔ ደግሞ የምን ሽቶ ጀመረ ብዬ!» ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት «አብሽር፣ ተወው» ብሎ ስድስት ባዶ ጄሪካን ከጓዳ አወጣ።

በአጎቱ ልጅ ፒክአፕ ጀልባዋን ወደ መስኖው ኩሬ ወሰድናት። ጄሪካኖቹን ከመቀመጫዋ ሥር ሸብበን አሰርናቸው። ከዚያ በባልዲ እየቀዳን እስክትሞላ ውሃ ገለበጥንባት። ጠርዟ ውሃው አፍ ላይ ደርሶ ቆመ። አልሰጠመችም። አባስ ገባና ዘለለባት፤ አሁንም አልሰጠመችም። አስቀያሚ ናት። ሐምሌ ሳይጋመስ የነገረኝ ነገር ነው፤ ግማሽ ቀንም አልፈጀም።

«እንግዲህ ምን ቀረህ?» አለኝ።

«ከዳር ዳር የሚወጠር ገመድ የለኝም» አልኩ።

«ገመድ እኔ አለኝ።»

«እስከ ወንዙ የሚያደርስ መኪናስ?»

«ፒክአፑን ተደግፈህ ቆመሃል።»

«ዝናቡ ትንሽ ይቀንስ» አልኩ።

አባስ አየኝ። ባይስቅ ኖሮ ይሻል ነበር እላለሁ ሁልጊዜ፤ ዛሬ አልሳቀም፣ አልተሻለኝም።

ነሐሴ 19

የአባባ እህት ዛሬ ገበያ መጣች። «ከፋለ ደህና ነው?» አለችኝ።

እሷ ጋ አልሄዱም።

ቤተ ክርስቲያኑን፣ ገበያውን፣ ሆስፒታሉን ዞርኩ። ሰብሌ በሩ ላይ ቆማ ስሮጥ አይታኝ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ አብራኝ ፈለገች። አባባን የሚያውቁ አንድ ቄስ አሉ፤ የፆም ፍቺ ለት ከቅዳሴ በኋላ፣ ቅል በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ በትር ይዘው በላይኛው መንገድ ሲሄዱ አይተዋቸዋል። ሽማግሌ ሰው። በዚህ ዝናብ። ብቻቸውን።

አምላኬ ሆይ።

ነሐሴ 21

ጉብታው ላይ ነው የዋልኩት። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ገባልኝ።

«ጋሽ ባምላክ፣ አባቴ…»

«እዚህ ናቸው» አሉ። «ትናንት ገቡ። እግራቸው አብጧል እንጂ ደህና ናቸው።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጭቃ ነበር።

«ሸጌስ?»

«እንኳን ደስ ያለህ። ወለደች። ሴት ናት፤ ትናንት ለዛሬ አጥቢያ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ልጅ ደርሳልን በሰላም ተገላገለች።» ከኋላ የአባባን ድምፅ ሰማሁ፤ «ቅቤው ደርሷል በሉት» ይላሉ።

«ተኝታለች?» አልኩ።

«አይ» አሉ ጋሽ ባምላክ። «ነቅታለች። ላቅርብልህ?»

ኔትዎርኩ ተቋረጠ።

ኔትዎርኩ አልተቋረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነሐሴ 22

አባስ ፒክአፑን ይዞ ማለዳ መጣ፤ ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም፣ ሰብሌ ትሆናለች። ጀልባዋን ጭነን ወረድን። ወንዙ ዳር ደረስን። ሌሊት ሽቅብ አገር ዘንቧል፤ ውሃው ሥሩ የተነቀለ ዋርካ እያንከባለለ ይወርዳል። እዚያ ላይ ከረጢትም ጄሪካንም ትርጉም የለውም።

«እናቆያት» አለ አባስ። «ለመንደሩ ሰዎች ከነገመዱ እንተውላቸው። ጎደል ሲልላቸው ምጥ የያዛትን ሴት፣ የታመመን ሰው ያሻግሩባታል።»

ተስማማሁ። የመንደሩ ሰዎች ተሸክመው ከፍ ያለ ቦታ አስቀመጧት። ሸራዋን አልዘረጋናትም።

ወደ ፒክአፑ ስንመለስ አባስ ቦቲ ጫማውን አውልቆ በሩ ሥር አቆመልኝና ባዶ እግሩን መሪው ላይ ተቀመጠ። «የላይኛው መንገድ መገንጠያ ድረስ አደርስሃለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ግን ጎሚስታ አይረዳህም።»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ።

ነሐሴ 26

በሸጌ ወላጆች ቤት፣ መደቡ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ትናንት ሊመሽ ሲል ገባሁ።

መንገዱ ጭቃም ገደልም ነው፤ በዚህ አልዋሸሁም። ግን ይኬድበታል። የመሸብኝ ቤት ሁሉ «የመሸበት እንግዳ» ስል ከፈተልኝ፤ ገና ስሜን ስናገር «የእኒያ ቅል የያዙት አባት ልጅ? እሳቱ ዳር እዚያ ነው ያደሩት፣ ና እዚያው ተኛ» አሉኝ። የአባቴን መኝታ እየተከተልኩ ነው የመጣሁት። በአንዱ ቤት ሴትዮዋ «ቅሉን ተንተርሰው ነው የተኙት፤ የምራቴ አራስ ቅቤ ነው፣ አይጥ እንዳይነካብኝ አሉ» አለችኝ። ወንዙ ቀጭን የሆነበት ቦታ እውነትም ይዘለላል። ዘለልኩት፤ ቆሜም ዞሬ አየሁት።

አባባ ደጃፍ ላይ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ስሜ ቀረሁ፤ መነሳት አቃተኝ። «ተው፣ ተነስ» አሉ፤ ራሴን በመዳፋቸው ያዙኝ። «ስልቻዋስ ያዘች?»

«ጄሪካን አሰርንባት» አልኳቸው።

«እሱም ያው ስልቻ ነው» አሉ። «ግባ፣ እየጠበቀች ነው።»

አትጠብቅም ብዬ ነበር የማስበው። ሸጌ መደቡ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አናቷ ላይ ቅቤ አለ፤ ቀልጦ በጆሮዋ ሥር ወርዷል። ቤቱ ሁሉ ዕቃ ቤታችንን ዕቃ ቤታችንን ይሸታል። ልጅቷ በአባባ ነጠላ ተጠቅልላ እቅፏ ውስጥ ናት። ፊቷ አይታይም፤ አንድ እጇ ብቻ ወጥቷል።

በመንገዱ ሁሉ የምላትን ሳዘጋጅ ነበር። በሩ ላይ ጠፋብኝ። ሸጌ መጀመሪያ የአባስን ቦቲ ጫማ አየች፣ ከዚያ እስከ ጉልበቴ የደረሰውን ጭቃ፣ ከዚያ እኔን።

«በየት መጣህ?» አለችኝ።

«በላይኛው መንገድ።»

ዝም አለች። ዝምታውን መሙላት ልማዴ ነው፤ «ክፉ መንገድ ነው» አልኩ። «አንቺስ እንኳን ሰኔ ላይ ሳይሞላ ተሻገርሽ።»

«ሰኔ ላይ ሞልቶ ነበር» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም። «እኔም በዚያው ነው የመጣሁት።»

የሰባት ወር ሆዷን ይዛ። ብቻዋን። እኔ ያን ጠዋት የተኛሁ እንዲመስላት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ የበሩን መዘጋት ሰምቻለሁ።

ቦቲ ጫማውን አወለቅኩና መደቡ ሥር ተቀመጥኩ። ሸጌ ብዙ ጊዜ ስታየኝ ቆይታ ልጅቷን ዘረጋችልኝ። እጄን ዘረጋሁ።

«ቀስ ብለህ» አለችኝ።

ቀስ ብዬ ያዝኳት።